ሰፈሩን አስፈቅደን

«እኔው ራሴ አመጣላችኋለሁ፤ እናንተ ብቻ ከክፍሉ እንዳትወጡ» ስትል ታቢታ እናቷን ሰማቻት። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ታቢታ ከጓሮው ቧንቧ ስር ተቀምጣ በኪራይ የመጡትን ብርጭቆዎች ታለቀልቃለች፤ እናቷ ወይዘሮ ተዋበች የጓሮውን በር ገርበብ አድርጋ ከውጭ ከቆሙ ሰዎች ጋር ታወራለች። አንድ ሽማግሌና ሁለት ሴቶች ናቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ሦስቱም አቀርቅረው ገቡና ከሰርቪስ ቤቶቹ መካከል ባዶ ወደሆነው፣ የከሰል ጆንያና የተሰበረ አልጋ ወደሚቀመጥበት ክፍል ዘለቁ። ተዋበች በሩን ከኋላቸው ዘጋችው። «እነማን ናቸው?» አለች ታቢታ። «ከአባትሽ አገር የመጡ ናቸው። ችግር አለባቸው፤ እንግዶቹ ይሂዱና አነጋግራቸዋለሁ» አለችና ስለ ቲማቲሙ አነሳች። ቲማቲም በአንድ ሳምንት እንዲህ ይወደዳል ብላ አለማሰቧን፣ የሐይቁ ዳር የአሞራ ገደል ዓሣ ሻጮችም የድግስ ሰው መሆኗን አውቀው እንደተጫወቱባት እየተናገረች ወደ ማዕድ ቤት ገባች። ታቢታ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች። ገባት፤ ወይም የገባት መሰላት። እናቷ የአባቷን ወገኖች የደበቀቻቸው የወንድሟ እጮኛ የህሊና ወላጆች እንዳያዩዋቸው ነው። የሽማግሌው ጫማ ጭቃ ነበር፤ የአንደኛዋ ሴት ሹራብ ክርኑ ላይ ተቀዷል። ታቢታ አፈረች። ግን የሚታጠብ ብርጭቆ ገና ብዙ ነበር። ምግብ ሲወጣ ለእነሱም እወስዳለሁ ብላ ለራሷ ነገረችና ሥራዋን ቀጠለች።

ታቢታ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ መቀበያው ላይ ትሠራለች። የሠርግ ጭፈራ እንቅልፍ የነሳቸው ሰዎች ጠዋት ዓይናቸው ቀልቶ ሲወርዱ ቁጣቸውን የምትቀበለው እሷ ናት። ስለዚህ ወንድሟ ፊልሞን በሕክምና ተመርቆ የምስጋናው ፕሮግራም እቤት ይሁን ሲባል፣ መጀመሪያ ያሳሰባት ምግቡ ሳይሆን ሞንታርቦው ነበር። እነታቢታ በሚኖሩበት በአዲስ ከተማ ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ የሚልበት ሰፈር ነው። ብርጭቆውን እንደጨረሰች ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። በግራ በኩል ያለችው ዮዲት ነርስ ናት፤ ሌሊቱን ተረኛ ሆና አድራ ገና መግባቷ ነው። «ዘፈን ነው መዝሙር?» አለቻት በር ላይ እንደቆመች፣ አንድ ዓይኗ ተጨፍኖ። «መዝሙር ነው። ከሰባት ሰዓት እስከ አስራ አንድ፤ ከዚያ አያልፍም።» «እንግዲያው ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ እከታለሁ። የእኔን ሳህን ግን እንዳትረሺ።» ፊት ለፊት የሚኖሩት ጡረተኛው መምህር አቶ ሸዋንግዛው ደም ግፊት አለባቸው። አስፈቅዶ የሚደግስ ሰው በዚህ ሰፈር ገና ዛሬ ማየታቸው እንደሆነ ነገሯትና መረቋት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው አብዲ ሰኞ ፈተና አለበት፤ እሱ ቤተ መጻሕፍት እንደሚውል ነግሮ ይልቁንስ እንኳን ደስ ያላችሁ አላት። ስትመለስ ባለ ሞንታርቦውን ፊቱን ከጎረቤቶቹ መልሶ ወደ ዋናው መንገድ እንዲያዞረው አደረገችው። ከዚያ እናቷን «ሰፈሩን ሁሉ አስፈቅጃለሁ» አለቻት። ተዋበች ቀና ብላ አላየቻትም። «ጥሩ አደረግሽ» ብቻ አለች።

ማዕድ ቤት ውስጥ ሰብለ ነበረች። ሰብለ የመጨረሻውን ሰርቪስ ክፍል ከባሏ ከክብሩ ጋር ተከራይታ ትኖራለች። ክብሩ የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ከዲላ በኩል አቮካዶ ይጭናል። ሁለት ቀን መንገድ ላይ፣ አንድ ቀን እቤት። ሰብለን ለድግሱ ማንም አላዘዛትም፤ ከትናንት ጀምሮ ራሷ ገብታ ሽንኩርቱን ከትፋ፣ ቆጮውን አበጥራ፣ ዓሣውን አጥባ ሌሎቹን ሴቶች እያሳቀች ትሠራ ነበር። ዛሬ ግን የገረማት ነገር ነበር። «ታቢ፣ እትዬ ተዋቡ ምን ነክቷቸው ነው?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ልብሴን ልቀይር ወደ ክፍሌ ልሂድ ብላቸው፣ የለም ብለው የራሳቸውን ቀሚስ አወጡልኝ። እይው እስቲ፣ ጥልፉን።» እውነትም ለብሳዋለች። ተዋበች ለፋሲካ ብቻ የምታወጣው ነጭ ቀሚስ ነው፤ ደረቱ ላይ ወርቃማ ጥልፍ አለው። «ስልኬን እንኳ ራሳቸው ቻርጅ ላድርግልሽ ብለው ወሰዱልኝ። ክብሩ ቢደውል ይጥሩኛል።» ከዚያ ወደ ታቢታ ጠጋ ብላ፣ ማታ ስለሚገባ ለእሱ የሚሆን ትንሽ ክትፎ እንድታስቀርላት ለመነቻት። ታቢታ ክዳን ባለው ሳህን አድርጋ ቁም ሳጥኑ ላይ አኖረችላት።

እንግዶቹ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ገቡ። የፊልሞን እጮኛ ህሊና ከአዲስ አበባ አባትና እናቷን ይዛ ነው የመጣችው፤ ቤቱን ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነው። ሳሎኑ መጋረጃው ተቀይሯል፤ የሶፋው ላስቲክ ዛሬ ጠዋት ነው የተነሳው፤ የታቢታ ሟች አባት ፎቶ ከመኝታ ቤት ወጥቶ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ሰዎች፣ የፊልሞን የክፍል ጓደኞችና የሰፈሩ ሴቶች ተቀመጡ። ፓስተሩ ጸለየ። ምግብ ተነሳ። የህሊና አባት ትንሽ ተናጋሪ ሰው ናቸው፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሐይቁ ነፋስ፣ አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ግቢ ማግኘት ስለማይቻልበት ዋጋ ያወራሉ፤ ተዋበች አጠገባቸው ተቀምጣ ትስቃለች። ታቢታ እናቷን ስታያት ሳቋ ጥሩ ሳቅ ነበር፤ ዓይኗ ግን በመስኮቱ ወደ ጓሮ እየሄደ ይመለስ ነበር። መዝሙሩ ሲጀመር ሰብለ የለስላሳውን ትሪ አስቀምጣ ወደ መሃል ወጣች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ረጅም እልልታ አሰማች፤ ሴቶቹ ተቀበሏት። ነጩ ቀሚስ አማረባት። የህሊና እናት ወደ ተዋበች ዘንበል ብለው «ልጅዎ ናት?» ብለው ሲጠይቁ ታቢታ ሰማች። «እንደ ልጄ ናት» አለች ተዋበች።

ታቢታ ይህን ጊዜ ነው ጓሮ ያሉትን ሰዎች ያስታወሰቻቸው። ትልቅ ሳህን ላይ ዓሣ፣ ክትፎና ቆጮ አድርጋ፣ ሦስት ለስላሳ በብብቷ ይዛ በቤቱ ጎን ዞረች። በሩን በክርኗ ገፋ ስታደርግ ክፍሉ ጨለማ መሰላት፤ መስኮቱ ላይ ጆንያ ተንጠልጥሏል። ሽማግሌው በተሰበረው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። አሮጊቷ ሴት መሬት ላይ፣ ወጣቷ ደግሞ ጥግ ይዛ ጉልበቷን አቅፋለች። ወጣቷ የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከታዋለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ ግን የላትም። ታቢታ ሳህኑን ይዛ ቆመች። ሽማግሌው ተነሱ።

«ልጄ፣ ከገበያ መጣች?»

«ማን?»

«ሰብለ ናታ።»

«ሰብለ ገበያ አልሄደችም። እዚሁ ናት፤ ድንኳኑ ውስጥ።»

ሽማግሌው ወደ አሮጊቷ ዞረው በሲዳምኛ አንድ ነገር አሏት። አሮጊቷ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። «እኛ ከጠዋት ጀምሮ እንጠብቃለን» አሉ ሽማግሌው፣ እያንዳንዱን ቃል እያስቀመጡ። «እናትሽ ገበያ ልኬአታለሁ፣ እርቃ ሄዳለች አለች። ስትመጣ እኔ አመጣታለሁ አለች። ድምፅ እንዳይሰማ አለች። እኛም ሰው ደስ ብሎት እየበላ መሃሉ መግባት ነውር ነው ብለን ተቀመጥን።»

«ምን ሆናችሁ ነው አባቴ?»

«እኔ ዳንጊሶ እባላለሁ። ክብሩ የወንድሜ ልጅ ነው። ትናንት ማታ መኪናው ተገለበጠ።» እጃቸውን ገለበጡት፤ መዳፋቸው ወደ ላይ ሆነ። «እዚያው ሞተ። ሬሳው አገሩ ገብቷል፣ አለታ ወንዶ። ቀብሩ ዛሬ አስር ሰዓት ነው። ሰው ተሰብስቦ ሚስቱን ይጠብቃል። መኪናችን መንገድ ላይ ቆሟል።»

ከውጭ ጭብጨባው በሞንታርቦው ጎልቶ ይመጣል። የሰብለ እልልታ ከሌሎቹ ይለያል፤ መጨረሻው ላይ ከፍ ብሎ ይሰበራል። ታቢታ እልልታውን እየሰማች የሰውየውን አፍ ታያለች። ሳህኑ መዘንበሉን ያወቀችው የዓሣው ዘይት በእጅጌዋ ሲወርድ ነው። አሮጊቷ ተነስታ ሳህኑን ከእጇ ተቀበለቻት፣ ጆንያው ላይ አስቀመጠችው፣ በነጠላዋ ጫፍም እጇን ጠረገችላት።  የአባቷ ዘመዶች አልነበሩም። እናቷ ድሆች አልደበቀችም። እናቷ አንድ ሞት ጆንያ ካለበት ክፍል አስቀምጣ ዘግታበት፣ የሟቹን ሚስት የራሷን ቀሚስ አልብሳ እያስጨፈረቻት ነው። ታቢታ ከክፍሉ ወጥታ ወደ ቤት ገባች።

እናቷን ከሳሎን በዓይኗ ጠርታ መኝታ ቤት አስገባቻት። «ታውቂያለሽ?» አለቻት። ተዋበች ምኑን ብላ አልጠየቀችም። በሩን ዘጋችና «ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ» አለች።

«እማዬ፣ ታውቂያለሽ?»

«ጠዋት ነው የሰማሁት። ምን ላድርግ ነበር? ሰዎቹ ከአዲስ አበባ መንገድ ጀምረዋል። ወንድምሽ ሰባት ዓመት የለፋለት ቀን ነው። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይሄዳሉ፤ ከዚያ እኔው ራሴ አቅፌ እነግራታለሁ። ዕድሜ ልኳን ልታለቅስ አይደል? አንድ ቀን ስቃ ብትውል ምን ይጎዳታል?»

«ቀብሩ አስር ሰዓት ነው።»

ተዋበች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የአንገት ሐብሏን ነካካችው። «እኔ አባታችሁን ቆሜ አስቀብሬአለሁ» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «ምን አተረፍኩ?»

ስለዚያ ቀን ስትናገር ታቢታ ሰምታት አታውቅም። ሌላ ቀን ቢሆን አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ትይዛት ነበር። አሁን ግን ከትራሱ ስር ጎልቶ የወጣውን ነገር አየች፤ ትራሱን አነሳችው። የሰብለ ስልክ ነው፤ ተዘግቷል። እናትና ልጅ ስልኩን አዩት፣ ከዚያ ተያዩ። ከወዲያ የህሊና አባት ሲስቁ ይሰማል። ተዋበች መጀመሪያ ዓይኗን ሰበረች። ታቢታ ስልኩን ይዛ ወጣች።

ወደ ፊልሞን ነው የሄደችው። ፊልሞን ኬኩ አጠገብ ቆሞ ከጓደኞቹ ጋር ፎቶ ይነሳ ነበር። በጆሮው ነገረችው። ፊቱ ሲለወጥ አየችውና ደስ አላት፤ አሁን ነገሩን ከትከሻዋ የሚቀበላት ሰው ያገኘች መሰላት። ፊልሞን ወደ ጓሮው አየ። ወደ ህሊና ወላጆች አየ። የእጅ ሰዓቱን አየ። «ኬኩ ይቆረስ» አለ በሹክሹክታ። «ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ ታቢ። ፓስተሩ ሊባርከን ነው። ከዚያ እኔው መኪና ይዤ አደርሳታለሁ።» ታቢታ ወንድሟን እንደ ማታውቀው ሰው አየችው። ባለፈው ሳምንት አዳራሽ ውስጥ ቀኝ እጁን አንስቶ ሲምል እንባዋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር። እጁ ያው እጅ ነው፤ አሁን የኬክ ቢላዋ ይዟል። 

ባለ ሞንታርቦው ጋ ሄዳ «አጥፋው» አለችው። ሰውየው በደንብ ያልሰማት መስሎት ጆሮውን አቀረበ። «ወንድሜ፣ አጥፋው።» ድምፁ ሲቋረጥ የሚያጨበጭቡት እጆች ትንሽ ቀጠሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ቆሙ። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ሰብለ ከሴቶቹ መሃል እያላበች፣ እየሳቀች ቆማለች። ታቢታ ሄዳ እጇን ያዘቻት። «ምነው ታቢ? ቀሚሱን አበላሸሁት እንዴ?» አለች ሰብለ ወደ ደረቷ እያየች። «አላበላሸሽም። ሰዎች መጥተዋል፣ ነይ።» በቤቱ ጎን ይዛት ሄደች። እጇ ሞቃትና እርጥብ ነበር። ሰብለ መብራት ጠፍቶ ነው ወይ፣ ኬኩ ተቆረሰ ወይ እያለች ትጠይቃለች። ጥጉን ሲዞሩ አቶ ዳንጊሶ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር። «አባ?» አለች ሰብለ ደስ ብሏት። ከዚያ ከኋላቸው ያለችውን ወጣት፣ የክብሩን እህት አየች። ወጣቷ ከጠዋት ጀምሮ አፏ ውስጥ የያዘችውን ነጠላ አወጣች።  ሰብለ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፣ ሌላም፣ ከዚያ መሬት ላይ ወደቀች።

ጩኸቱ ያልደረሰው ጆሮ ሰፈሩ ውስጥ አልነበረም። ዮዲት በሌሊት ልብሷ፣ ጥጡ ገና ከጆሮዋ ሳይወጣ እየሮጠች መጣች። አቶ ሸዋንግዛው ምርኩዛቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙ። ከድንኳኑ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ታቢታ የህሊና ወላጆች ተቀይመው ሻንጣቸውን ሲያነሱ ለማየት ተዘጋጅታ ነበር፤ የህሊና እናት ግን ጫማቸው አንዱ እግራቸው ላይ ብቻ እንደቀረ መጥተው መሬት ላይ ተቀመጡና ሰብለን ከኋላዋ አቀፏት። ስሟን እንኳ አያውቁም። ትከሻቸው ላይ የነበረውን ጥቁር ሻርፕ ገፈው በነጩ ቀሚስ ላይ ጣሉላት። የህሊና አባት ኮታቸውን አውልቀው የመኪናቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ፤ መኪና አለ ሲባሉም ቁልፉን መልሰው መክተት ረስተው በእጃቸው ይዘውት ቆሙ። ተዋበች ከበረንዳው አልወረደችም። ፊልሞን ወደ ሰብለ መጥቶ ሊያነሳት ጎንበስ ሲል ታቢታ ዓይኑን ፈለገችው፤ አላገኘችውም።

ሚኒባሱ ውስጥ ታቢታ ከሰብለ ጎን ተቀመጠች። ሹፌሩ ጡሩንባውን እየነፋ ባጃጆቹን ያስለቅቃል። እስከ አፖስቶ ድረስ ሰብለ የክብሩን ስም ብቻ ትጠራ ነበር፤ ከዚያ ድምፅዋ አለቀ። እናቷ ጋ ልደውል ብላ ስልኳን ጠየቀች። ታቢታ ሰጠቻት። ሰብለ ስልኩ መዘጋቱን አየች፣ ተጭና ከፈተችው፣ ሙሉ ቻርጅ ነበረው። መልእክቱ እየተከታተለ ይገባ ጀመር፤ ከእህቷ፣ ከእናቷ፣ ከክብሩ አለቃ። ሁሉም የዛሬ ጠዋት ነው። ሰብለ ስልኩን ሳይሆን ታቢታን አየቻት።

«ማን ነው የዘጋው?»

ታቢታ መዋሸት ትችል ነበር። አቶ ዳንጊሶ ከፊት ወንበር ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል፤ ጆሯቸው ግን እዚህ ነው። «እናቴ» አለች።

«ከጠዋት ጀምራ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

ሰብለ በሻርፑ ስር ያለውን ቀሚስ፣ ወርቃማውን ጥልፍ በጣቷ ነካችው። «እልል ስል እያየችኝ?» አለች። ጥያቄ አይመስልም ነበር። ታቢታ እጇን ልትይዛት ዘረጋች፤ ሰብለ እጇን አላሸሸችም፣ የታቢታንም አልያዘችም። የቀረውን መንገድ ሁለቱም መስኮቱን እያዩ ሄዱ። የእንሰቱ ማሳ፣ የቡናው ጥላ፣ መንገድ ዳር ልጆች የሚራገጡት ኳስ፣ ሁሉም ዝም ብሎ ያልፋል።

ሰዉ ጠብቋቸው ነበር። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች፣ ዝናብም ከወዲያ ማዶ ጠቁሯል፤ አንዳንዶቹ ከዚህ በላይ አይጠበቅም ብለው መከራከራቸውን ታቢታ በኋላ ሰማች። ሬሳው ከጉድጓዱ አጠገብ በሸራ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ሰብለ ከሚኒባሱ ስትወርድ መንገድ ከፈቱላት። የድግስ ቀሚስ ለብሳ በሕዝቡ መሃል ስትሄድ ማንም ስለ ቀሚሱ አልጠየቀም። ታቢታ አልተከተለቻትም። ከኋላ፣ ከማታውቃቸው ሴቶች መካከል ቆመች፤ አንዷ ዞራ ምኑ ነሽ አለቻት። ታቢታ ትንሽ አሰበች። «ጎረቤት ነኝ» አለች፣ ቃሉም ከአፏ ሲወጣ ከበዳት።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ፣ ሰው ወደ ድንኳኑ ሲገባ ስልኳ ጠራ። እናቷ ናት። «ደህና ደረሳችሁ?» አለች። መልስ ሳትጠብቅ ቀጠለች። «የህሊና እናት ጠየቁኝ፤ መቼ ሰማችሁ አሉኝ። አሁን፣ ሰዎቹ ሲመጡ ነው አልኳቸው። ፊልሞንም እንደዚያው ነው ያለው። አንቺም ከጠየቁሽ እንደዚያው በይ፣ እሺ? ታቢታ? ትሰሚኛለሽ?»

ታቢታ ትሰማታለች። አቶ ዳንጊሶ አጠገቧ ቆመው እጃቸውን ከጣሳ ውኃ ይታጠቡ ነበር፤ ጭቃው ቀላ ብሎ ይወርዳል። «እማዬ፣ አቶ ዳንጊሶ እዚህ ናቸው» አለች። «ልስጥሽ?»

 ሽማግሌው ስማቸውን ሰምተው ቀና አሉ፤ ማን እንደደወለች ከታቢታ ፊት ላይ አነበቡ። እጃቸውን በኮታቸው ጠረጉና ስልኩን ተቀበሉ። እንደ ሰላምታ ትንሽ ጎንበስ ብለው፣ ሩቅ ላለ ሰው እንደሚናገር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እመቤት፣ ደርሰናል» አሉ። «አፈሩ ሳይመለስ ደርሰናል።»

ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጉት ለታቢታ መለሱላት።